ጽሑፍዎ ጠፍቷል

የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ሌሎች የጻፉትን ኮድ አይታ የምታሳልፈው እሷ ናት፤ ያለቦታዋ የገባች ነጥብ እንኳ በእሷ በኩል ሾልካ አታውቅም።

አንድ ቀን ከጎኗ የሚቀመጠው ዝምተኛ ባልደረባዋ የአንድ መስመር እርማት ላከላት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሮግራሙ ከስክሪኑ ግርጌ «ጽሑፍዎ ጠፍቷል ብለው አይስጉ፤ በሚገባ ተቀምጧል» ይላል። ፊደሉን በጣም ለሚያተልቅ ሰው ግን ቦታ ስለማይበቃው መልእክቱ ይቆረጥና «ጽሑፍዎ ጠፍቷል» ብቻ ይቀራል። እርማቱ የተረፈውን ወደ ታች መስመር ያወርደዋል።

«ይህን ያህል የሚያተልቅ ማን አለ?» አለችው።

«እኔ እንጃ። አንድ ሰው አይጠፋም።»

አልጠፋም፤ አባቷ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መነጽር አላደርግም ብለው ስላስቸገሩ፣ አንዱን ፊደል ጡጫ አሳክለው የሕይወት ታሪካቸውን ይጽፋሉ። መብራት በሄደ ቁጥር «ጠፍቷል» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ጥርሳቸውን ነክሰው ከልደታቸው ይጀምራሉ።

ወንፊት በዓይኗ ያላየችውን አታሳልፍምና ቅዳሜ ዕለት እርማቱን እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጫነች። ሶኬቱን ነቀለች፣ መልሳ ሰካች። መልእክቱ ሁለት መስመር ሆኖ ሙሉውን ወጣ።

አባቷ ጮክ ብለው አነበቡት። «ተቀምጧል ማለት?»

«ምንም አልጠፋም ማለት ነው፣ አባዬ።»

ሲከፈት የተጻፈው ሁሉ ተደርድሮ ተገኘ። በአንዱ ላይ ከእናቷ ጋር የተዋወቁት ፌርማታ ላይ ነው፤ በሌላው ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቁ፤ በሌላው እናቷ አውቶቡሱን እየሮጡ ሲያሳድዱ።

«የትኛው ነው እውነቱ?» አለች ወንፊት።

«ግራ ገባኝ» አሉ አባቷ።

እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አነበቡ። «የሐኪም ቤቱ ይሁን» አሉ። «እሱ ላይ ቆንጆ ነኝ።»

ሰኞ እርማቱ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ አባቷ ደወሉ።

«ልጄ፣ መጻፍ አቃተኝ።»

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«ተቀምጧል ይለኛል። የተቀመጠ ነገር ምን ያስነሣዋል? ጠፍቷል ሲለኝ ነበር እልህ የሚይዘኝ።»

ወንፊት ሁለት ቀን አንገራገረች። በመጨረሻ ለአባቷ ኮምፒውተር ብቻ የሚሆን፣ «ጽሑፍዎ ጠፍቷል» ብሎ የሚያቆም ኮድ ጻፈች። የራሷን ራሷ ማሳለፍ ስለማትችል ለዝምተኛው ላከችለት። እሱም ረፋዱን ሙሉ ሲያየው ቆየ።

«ይሄ እኮ ውሸት ነው» አላት።

«ነው።»

«ለማን ነው?»

«ለአባቴ።»

እሱም ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ የራሱን አንድ ቃል ጨመረና አሳለፈላት።

መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት አባቷ ተቆጥተው እንደገና ደወሉ።

«ጠፍቷል ማለቱስ ደግ። ‹አይዞዎት› የሚለኝ ግን ማን ስለሆነ ነው? ማን እዘኑልኝ አለ?»

«ታዲያ አሁን ምን እያደረግህ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እየጻፍኩ ነዋ» አሉ። «አሁን ደግሞ ከአያቴ ነው የጀመርኩት።»