የቀኝ እግሩ የኔ ነበር

ባለፈው ወር አንድ ፎቶ አይቼ ስልኬ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የወንድሜ ልጅ ያስገባኝ አንድ የቴሌግራም ቡድን አለ፤ መኪናው ተጣጥፎ ሰው፣ ሰውየው ተጣጥፎ መኪና የሚሆንበትን የጃፓን ካርቱን የሚወዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት። ፂም ያበቀሉ፣ ልጅ የወለዱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስለ አሻንጉሊት ሲሟገቱ ይውላሉ። አንዱ የድሮዎቹን የሚያህል የለም ይላል፤ የመኪናው ፊት ደረት ሲሆን ቁልጭ ብሎ ይታያላ! ሌላው ደግሞ የዛሬዎቹ ክርንና ጉልበታቸው እንደ ሰው ይታጠፋል ብሎ ይሞግተዋል። ካርቶኑ ከተከፈተ በቃ ዋጋው ሞተ ማለት ነው የሚልም አይጠፋም። እኔ እየሳቅሁ ከማንበብ በቀር አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም ነበር።

ያን ቀን አንድ ሰው የቀይ ጭነት መኪና ሮቦት ፎቶ ለጠፈ። ቀለሙ ተላልጧል፤ ጭንቅላቱ ብቻ ከሌላው አካሉ ተለይቶ ቢጫ ሆኗል። ቡድኑ ተንጫጫ። ጭንቅላቱ የሌላ ነው የሚል መጣ፤ በኬሚካል ይጸዳል፣ ላሳይህ የሚል መጣ። ከዚያ አንዱ «ቆይ፣ ቀኝ ጉልበቱ ላይ በፒን ፋንታ የተሰካው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፎቶውን አጎላሁት። እሾህ ነው። የግራር እሾህ! ክው አልሁ። «የቀኝ እግሩ የኔ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፎቶውን የለጠፈው ሰውዬ ብቻ አልሳቀም።

ልጅ እያለሁ፣ ሰቆጣ፣ አራተኛ ክፍል፣ ዮናስ የሚባል ልጅ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። እናቱ እትዬ ሰብለ ከጎንደር ተመድበው የመጡ ነርስ ነበሩ። በዕረፍት ሰዓት እኛ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ስንንጫጫ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ ይቆማል። አሳዘነኝና እየተረጎምሁለት ጨዋታ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ወዲያ ከጎኔ ጠፍቶ አያውቅም፤ ቆሎ ቢኖረው እንኳ ግማሹ የኔ ነው።

ታዲያ ይሄ ልጅ አንድ አመል ነበረው። «ቤታችን መኪና የሚሆን ሰው አለ» ይላል። ጎንደር አጎቱ ቤት በቪዲዮ ካሴት ያየውን ካርቱን ይተርክልንና በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይሥልልናል፤ በሮቹ ክንድ ይሆናሉ፣ የኋላው ጎማ ተረከዝ ይሆናል፣ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይሰምጣል። ክፍሉ ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ይከራከራል። እኔ ደግሞ ነገር አዋቂ ነኝ፤ «ጭንቅላቱ ደረቱ ውስጥ ከገባ ሞተሩ የት ሊሄድ ነው?» አልሁት። ሳቁ ፈነዳ። «በል አምጣና አሳየን» ስንለው እናቴ ከቤት አይወጣም ብላለች ይላል። በዚያው «ጉረኛው ዮናስ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ፤ ከደበቅሁ ምኑን ጻፍሁት?

ክረምት ሲገባ ዮናስ ወደ ጎንደር ወደ አያቱ ሄደ። ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ ሲፈታ የልጃገረዶች በዓላችን ሻደይ ደረሰ። ሹሩባችንን ተሠርተን፣ ለምለሙን የሻደይ ቄጤማ ወገባችን ላይ አስረን፣ ከበሯችንን ይዘን ከደጅ ደጅ እየጨፈርን እንዞር ነበር። ሰባት ነን። መሪያችን ገነት ትባላለች፤ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ከሁላችንም ትልቅ፣ ከሁላችንም ቁጡ። አንደኛዋ ለምለም ከአምደወርቅ ለበዓሉ ወደ አክስቷ ቤት የመጣች ነበረች። ሻደይ የጨፈረችን ልጅ ባዶ እጇን መመለስ ነውር ነው፤ ለተወላጁም ለእንግዳውም። ይህን የሰቆጣ ድንጋይም ያውቃል።

እትዬ ሰብለ ደጅ ስንደርስ ከኛ በፊት የመጡት ሦስት ቡድኖች ያዘጋጁትን ስጦታ ሁሉ ጨርሰውባቸዋል። ከቀረቻቸው ዳቦ ቆርሰው ይዘው ወጡ። እኔ ግን በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁ። መደርደሪያው ላይ ቀይ ሰውዬ ቆሟል! ዮናስ ደብተሩ ላይ የሚሥለው፣ እሱ ራሱ። መኪና የሚሆን ከሆነ ዛሬ አየዋለሁ አልሁ በሆዴ፤ ከበሮውን ከገነት ነጥቄ ግጥም አወጣሁ፦

ያ ከመደርደሪያው ቆሞ የሚያየኝ፣
እሱን ካልሰጡኝ ሌላ አይበቃኝ!

ልጆቹ ተቀበሉኝ። ጎረቤቱ በየበሩ ወጥቶ እያጨበጨበ ይስቃል። እትዬ ሰብለ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ወደ ጎረቤቱ አዩ፣ ወደ መደርደሪያው አዩ። ገብተው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘውት ወጡና ለገነት ሰጧት። «ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» አሉ። ዐይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። እኔ እልል ብዬ ዞርሁ፤ ደስ ብሎኝ መሬት አልበቃኝም።

በመጨረሻው ቀን ያገኘነውን ልንካፈል ተቀመጥን። ገነት ሰውየውን አንስታ ክንዱን ጠምዘዝ አደረገችው። ቀጭ አለ። ደረቱ ተገለበጠ፣ ጭንቅላቱ ሰመጠ፣ እግሮቹ ታጠፉና መኪና ሆኖ ጭኗ ላይ ቁጭ! ገነት ጮኻ ወረወረችው። ለምለም «በስመ አብ!» ብላ ሮጠች። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ዮናስ አልዋሸም። ቀስ ብዬ ሄጄ አነሳሁትና ሆዱን አየሁ፤ ሞተር የሚባል ነገር የለውም፣ ባዶ ነው።

ጭቅጭቁ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ማን ይውሰደው? ተራ በተራ እንያዘው ቢባል ማን ማንን ያምናል! ገነት ብድግ አለችና «ሕግ ሕግ ነው፤ የሻደይ ስጦታ እኩል ነው የሚካፈል» ብላ ከአባቷ የስፌት መኪና መሳቢያ ካቻቢቴ አመጣች። እንግዲህ እንደ ቅርጫ በሬ አረድነው ነው የምለው። ጭንቅላት፣ ደረት፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር፣ የጀርባ ክዳን፤ ሰባት መደብ ወጣው። ለዕጣ ጠጠርም ቁልፍም ዶቃም አዋጣን፤ በመንገድ የምታልፍ አንዲት ሴትዮ ጠርተን ዐይኗን ጨፍና አስጣልናት። ጭንቅላቱ ለለምለም ወጣ። የቀኝ እግሩ ለኔ። የጉልበቱ ፒን እዚያው ሣር ውስጥ ጠፍቶ ቀረ። ተረከዙ ላይ ባሉት ጎማዎች ወለሉ ላይ እየነዳሁት ሰነበትሁ፤ ዮናስ ሲመጣ ምን እንደምለው አንድም ቀን አላሰብሁም።

መስከረም ላይ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሰላምም አላለኝ። ፊቱ አብጧል። ምን ሆንህ ስለው ሳያየኝ «እናቴ አባቴን ሰጠችው» አለኝ። ምን ማለትህ ነው ብዬ ጮኽሁ። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ቀዩን አሻንጉሊት መኪና ከጅቡቲ አምጥቶለት፣ ያው የመጨረሻ ጉዞው ሆነ። ገደል ገባ። ይህን ዮናስ ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። «ለማን ሰጠሽው ብላት ለሻደይ ልጆች አለች። ለምን ብላት ዝም። እኔም ዝም ብያታለሁ፤ አላናግራትም» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እኔ ነኝ፣ በግጥም የለመንሁት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን «እንሰበስበዋለን» የሚል ነው።

በዚያው ቀን ገነት ቤት ሄድሁ። «የሻደይ ስጦታ ይመለሳል እንዴ? ነውር አይደለም?» ብላ ተቆጣች። የአባቱን ነገር ነገርኋት። ከዚያ ከአንገቷ ላይ፣ ከቀይ ዶቃዋ ጋር ያንጠለጠለችውን ክንድ ፈትታ ሰጠችኝ። ደረቱ የደረሳት ልጅ የጨው ማስቀመጫ አድርጋው ነበር፤ ጨዉን ደፍታ አመጣችው። ጭንቅላቱ ግን ከለምለም ጋር አምደወርቅ ገብቷል። ለገበያተኛ መልእክት ላክን። ዮናስ በየገበያው ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ እኔም አብሬው እቆማለሁ። መልእክቱ ደርሶ ይሁን ጠፍቶ የሚነግረን የለም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንዲት ነጋዴ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ጭንቅላቱን አወጣችልን። ሽታው ቀድሞ መጣ፤ ቅቤ! ለምለም ለመስቀል ራሷን ስትቀባ እሱንም አናቱን ለቅልቃው ኖሯል። «ፀሐይ እንዳይመታው ነው ብላለች» አለችን ሴትዮዋ። ዮናስ አሸተተው። አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፣ ዕንባው እስኪመጣ።

ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገጠመው። እኛ ዙሪያውን ቆመን እንጮኻለን፤ እሱ ግን አያየንም፣ ጣቶቹ ያውቁታል። ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ፒኑ የለም። ሮጬ ከግራሩ እሾህ ሰብሬ አመጣሁና ሰካነው። ዮናስ አጠፈው፣ ገለበጠው፤ መኪና። መልሶ አቆመው፤ ሰው። ጉረኛ ሲሉት የነበሩት ሁሉ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ገነት ብቻ «ጭንቅላቱ ከገባ ሲሄድ መንገዱን በምን ያያል?» አለች።

«ሹፌሩ ያይለታላ» አለ ዮናስ።

ወደ ቤት ስንሄድ «አንቺ ሰበሰብሽልኝ፤ የበተነችው እናቴ ናት» አለኝ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልተናገርሁም። እትዬ ሰብለን መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ጉንጬን ይዘው «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ» ይሉኛል፤ እኔ እግሬን አያለሁ። በዓመቱ ዝውውር መጣላቸውና ሄዱ። ዮናስ በአውቶቡሱ መስኮት ሰውየውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ እናቱ አጠገብ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ነበር የተቀመጠው። ያንን ወንበር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እነሆ ከሃያ ዓመት በኋላ ፎቶውን የለጠፈው ዮናስ በቴሌግራም ለብቻዬ ጻፈልኝ፦ «አንቺ ነሽ?» ነኝ አልሁት። ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆቻችን ተጨዋወትን፤ ጭንቅላቱን ለምን እንደማያጸዳው ነገረኝ፤ ዝናብ ሲዘንብ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይሸታል አለኝ። እናትህስ ስለው «ደኅና ናት፣ እኔው ጋ ናት» አለና ቀጥሎ «እንደ ነገሩ ነን፤ ያን ነገር ለምን እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በላይ አልቻልሁም። ግጥሙን እንዳለ ጻፍሁለት። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የአንተ መሆኑንም አውቅ ነበር፣ ይቅር በለኝ አልሁት። አነበበው። መልስ የለም። ያን ቀንም፣ ማግስቱንም የለም። ዕድሜ ልኬን ስፈራው የኖርሁት ነገር ይኸው መጣ አልሁ።

በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት ገባ። ዮናስ አይደለም። ያረጀ፣ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ግጥሙን እኮ ያኔውኑ ሰምቼዋለሁ፤ ድምፅሽንም ዐውቄዋለሁ። ሰው አገር ነኝ፤ ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ እያየ የሻደይ ልጅ ባዶ እጇን እንዴት ልመልስ? ለዮናስ ያስወሰደችው እሷ ናት ብዬ ብነግረው ይጠላሽ ነበር። በዚያ አገር ያለችው ጓደኛ ደግሞ አንቺ ብቻ ነበርሽ። እኔን ቢያኮርፈኝ እናቱ ነኝ፤ ሲርበው ይመጣል። አንቺን ቢያኮርፍ ከማን ጋር ይቀመጥ ነበር? ሆድ ይፍጀው አልሁ፣ በቃ።»

ወጥ ቤት ቆሜ ነበር የሰማሁት። ያውቁ ነበር! ጉንጬን ይዘው የኔ ልጅ ሲሉኝም ያውቁ ነበር! በዚያ ሁሉ ጊዜ ምስጢሩን የያዝሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከድምፁ ሥር ዮናስ አንዲት መስመር ጽፏል፦ «ሁለት ቀን ሙሉ ከጎኗ አልተነሳሁም።»

ቡድኑ ውስጥ አሁንም ሰዎቹ ስለ እሾኋ ይከራከራሉ፤ ኦሪጅናል ፒን ከውጭ አስመጣልሃለሁ ያለም አለ። ዮናስ አትነካም ብሏቸዋል። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ያኔ የነበሩት እናቶች ያልሠሩትን ጥፋት ተሸክመው፣ አፋቸውን ዘግተው፣ ልጃቸው ጓደኛ እንዳያጣ ሃያ ዓመት ይኮረፉ ነበር። የኔ ልጅ ትናንት ያላጠፋሁትን አጠፋሽ ብሎ ቢያኮርፈኝ አምስት ደቂቃ አልታገሥሁም፤ እኔ አይደለሁም፣ እገሌ ነው ብዬ ስሙን ጠርቼ ነገርሁት። ያ እገሌ የልጄ የቅርብ ጓደኛ ነበር።