የማርስያስ ዲናር

ከቦሎኛ በጠዋቱ ባቡር ተነሣሁ። ትኬቱ በዕለቱ ስለተገዛ ውድ ነበር፤ ግን እትዬ ሙሉ ማታ ከሮም ደውለው «ሌባ ተባልኩ» ካሉኝ በኋላ ለመቅረት አልቻልኩም። የእናቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ ጣሊያን ስገባ ቤታቸው ያሳደሩኝ እሳቸው ናቸው።

ቶር ፒኛታራ

ቤታቸው ስደርስ መሐረብ ፈትተው አንድ የብር ሳንቲም አሳዩኝ። ጥንታዊ የሮም ዲናር ነው። በአንዱ ገጽ የአፖሎ ራስ፣ በሌላው ማርስያስ የሚባል ጢማም ሰው አቁማዳ ተሸክሞ፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይታያል።

«በጥንቱ አደባባይ ቆሞ የነበረ ሐውልት ነው አሉኝ ሲኞራ። ሐውልቱ ጠፍቷል፤ መልኩ የቀረው እንዲህ ባለው ብር ላይ ነው።»

ሲኞራ ፍራንካ እትዬ ሙሉ ተቀጥረው የሚንከባከቧቸው አሮጊት ናቸው። ሳንቲሙን ሁለቱ ብቻ ባሉበት ሰጧቸው። ከዚያ የሲኞራ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሶ ንግግራቸው ተዘጋ። አሁን ልጃቸው ፓኦሎ የአባቱን ሳንቲሞች ሲያይ አንዱ ጎደለበት፤ እስከ ዛሬ ቀትር ካልተገኘ ፖሊሶቹን፣ ካራቢኒየሪ እጠራለሁ ብሏል።

«ክስ ከመጣ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን አያድሱልኝም» አሉ እትዬ ሙሉ።

ኤስኲሊኖ

በቢጫዋ የከተማ ባቡር ወደ ሲኞራ ቤት ሄድን። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገብተው ለሲኞራ ብርቱካን ገዙ። «በዚህ ሰዓት?» ብላቸው፣ «እሳቸው ምን አደረጉኝ?» አሉ።

ፓኦሎ በሩን ከፍቶ እጁን እንኳ አልዘረጋም። እትዬ ሙሉ ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አሎራ፣ ታዲያ እርስዎ ዘንድ ነበር!»

«ነበር። እናትህ ሰጥተውኝ ነው።»

«ማን አየ?»

እኔ ልናገር ስል ፓኦሎ ስልኩን አነሣ። እትዬ ሙሉ ግን ሳንቲሙን ይዘው ቀጥታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡና በሲኞራ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ተከትለናቸው ገባን።

«እማማ፣ ይህን ለእሷ ሰጥተሻታል?» አለ ፓኦሎ።

አሮጊቷ ብሩን አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ጨበጡት። «የእኔ ነው» ማለታቸው መሰለኝ። ፓኦሎም እንደዚያው ሳይመስለው አልቀረም፤ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ሲኞራ የእትዬ ሙሉን እጅ በቀስታ ስበው ሳንቲሙን ውስጡ ከተቱና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉላቸው።

«ቱዋ» አሉ በተሳሰረ አንደበት። ያንቺ ነው።

ፓኦሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም» አሉ እትዬ ሙሉ፤ ብርቱካን መላጥ ጀመሩ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።

ቦሎኛ

ቤቴ እንደገባሁ ደወልኩላቸው። መንገዱን ሁሉ «ሲኞራ ባይናገሩስ?» የሚለው ሐሳብ አልለቀቀኝም ነበር።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ የሚሰጡዎትን ሰው ባለበት፣ በፊርማ ይቀበሉ።»

«እንዲያማ ከሆነ ልጄ፣ ርክክብ እንጂ ስጦታ አይደለም።»

ምክሬ ትክክል እንደሆነ አሁንም አምናለሁ። ለእሳቸው ግን አልደገምኩትም።