የፈታሿ ውሻ

የክር ፋብሪካው ሠራተኞች «ካሜራ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ሥራዋ በር ላይ ቆሞ ከፈረቃ የሚወጡትን ሴቶች መፈተሽ ነው። «ምንም አልያዝኩም» ያለቻትን ሁሉ ከአናት እስከ ቁርጭምጭሚት ትዳብሳለች። ከብብት የክር ጥቅል፣ ከጫማ ውስጥ መቀስ ስታወጣ የኖረች ሰው የማንን ቃል ትመን?

እንዲህ ያለች ሴት ለውሻ ትሸነፋለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ከፋብሪካው ማዶ የጣውላ መጋዘን ነበር። ውሻው እዚያ ባጭር ሰንሰለት ታስሮ ነው ያደገው፤ በቆመበት ሲሸና የመጋዘኑ ዘበኛ በጣውላ ቁራጭ ያቀምሰዋል። እሷ ከበሯ ሆና ይህን ታያለች፣ አንጀቷ እርር ይላል፣ ግን የሰው ንብረት ነውና ዝም ትላለች። መጋዘኑ ተዘግቶ ሰውም ጣውላውም ሲሄድ ውሻው ከነሰንሰለቱ ተረሳ። ያን ጊዜ የፋብሪካውን መካኒክ ለምና ሰንሰለቱን አስቆረጠችና ወደ ቤቷ ወሰደችው። ሲጠሩት ዞር ብሎ ስለማያይ «ጌታው» አለችው።

ቤቷ ሁለት ክፍል ናት። በአንደኛው ታናሽ እህቷ ልብስ ትሰፋለች፤ ጌታውም ለሽንቱ የመረጠው ይህንኑ ክፍል ነው። እዚያም ቢሆን ሰው ሲያየው አይሸናም። እህትየው በር ልትከፍት ብድግ ስትል፣ እሱ ከስፌት መኪናው ጀርባ ጉዳዩን ጨርሶ ይጠብቃታል። የደንበኛ መጋረጃ ያበላሸ ቀን ግን ነገር ከረረ።

«እትዬ፣ በቃኝ! ሰው ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። እስከ እሁድ ካልተማረ ለጋራዡ ሰውዬ ስጪው። አለዚያ መኪናዬን ይዤ እወጣልሻለሁ!»

የጋራዡ ሰውዬ ጎረቤታቸው ነው። ውሻውን ለጥበቃ ይፈልገዋል፤ አዲስ ሰንሰለትም ገዝቷል። 

እናም ማስተማር ተጀመረ። ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ጌታውን እየጎተተች ከጓሮዋ ዛፍ ሥር ታቆመዋለች። እሷም ፊቱ ትገተራለች፤ ዓይኗን ከኋላ እግሮቹ ላይ አትነቅልም።

«ሽና እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? ግብዣ?»

ጌታው ጆሮ ዳባ ልበስ። ቀና ብሎ ያያታል፣ ጭራውን እግሮቹ መሃል ይሸጉጣል፣ ቁጭ ይላል። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ በአፏ «ሽሽሽ» አለችለት። ሽንቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ዛፉ ሥር ብትጥልለት አሽትቶ አስነጠሰው። ሥጋ ብትሰጠው ሥጋውን በልቶ ቁጭ አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! እግሯ ሲዝል ተስፋ ቆርጣ ታስገባዋለች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ከወዲያኛው ክፍል የእህቷ ጩኸት ይሰማል። ባልዲውንና መወልወያውን ታነሳለች። ስንቱን ሌባ ያንበረከከች ሴት አንድ ፊኛ አቃታት!

እሁድም ደረሰ። የጋራዡ ሰውዬ ሊመጣ ነው። ካሜራ ከማለዳ ጀምራ ዛፉ ሥር ቆማለች። ውሻው ሆዱ ተወጥሮ ይቁነጠነጣል፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም።

«አንተ የማትረባ!» አለችው፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ሰንሰለት ናፈቀህ? ናፈቀህ ወይ?»

እህቷ በመስኮት ብቅ አለች። ጥቂት አየቻቸውና ሳታስበው ሳቅ አመለጣት።

«እትዬ፣ ዞር በይለት!»

«ምን?»

«ፊትሽን አዙሪለት! እንዲህ አፍጥጠሽበት ማን ይሸናል? እናታችን ሞታ አንቺ ስታሳድጊኝ፣ እኔንስ ሽንት ቤት በር ላይ ቆመሽ ‹ጨረስሽ? የታለ? አሳዪኝ!› ስትይኝ ሆዴ ተነፍቶ አልነበር የምውለው?»

ካሜራ ደነገጠች። «እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ለእሱም ለእሱ ብለሽ ነው። ግን ዞር በይ።»

ዞረች። አንገቷ ሊመለስ ይታገላታል፤ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች፣ ይህም ሲያቅታት ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዋ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ጌታው አሸተተ፣ ዞረ፣ እንደገና አሸተተ። የግቢው በር ተንኳኳ፤ ከበሩ ውጭ ሰንሰለት ይንቃጨላል። እሷ ግን አልዞረችም።

«ሸና?» አለች በሹክሹክታ።

«ቆይ!» አለች እህቷ። ከዚያም አንገቷን በመስኮቱ አሰገገች። «ሸና፣ እትዬ። ምስኪን፣ ማብቂያም የለው።»

ካሜራ ዓይኗን ገለጠች። ዛፉን ዞር ብላ ሳታይ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደችና ከፈተች።

«ውሻው አይሰጥም» አለችው ሰውዬውን። «ውጭ መሽናት ጀምሯል።»

ሰውዬው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! በዓይንሽ አይተሻል?»

«አላየሁም» አለች ካሜራ። «እህቴ ነግራኛለች።»