የዳርሚ ዱካ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሳላስበው «ዳርሚ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ድምፄን ገና ዛሬ የሰሙም ሳይኖሩ አይቀሩም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን «ለርን» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ «መማር ማለት ነው፤ የጥንት ሥሩ ግን ዱካ መከተል ነበር» ስላሉ ነው።

ዳርሚ አጠገቤ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። ዝናብ ሲጠፋ ከቤተሰቧ ጋር ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ፊልቱ በኩል ሄዱ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ መሬቱን አየችና፣ «አባትሽ ከካምፕ መጥተዋል» አለችኝ።

«የወታደር ጫማ ሁሉ አንድ አይደል እንዴ?»

«ዓይን የለሽም? የአባትሽ ግራው ይጠልቃል!»

ቤት ስንደርስ እውነትም አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር።

ሰሞኑን ዝናብ ጥሏል፤ ከብት ይዘው የሄዱት መመለስ ጀምረዋል። ዛሬ ከክፍል ስወጣ በፊልቱ መንገድ ዞርኩ። ጭቃው ላይ የልጅ እግር ዱካ ሞልቷል። የዳርሚ የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም። አብረን ስንሄድ ፊቷን እንጂ እግሯን አይቼ አላውቅማ።

እናንተስ፣ የራቀ ጓደኛችሁን በዱካው ትለያላችሁ? እንዴት እንደሚለይ ንገሩኝ፤ ነገም በዚያው መንገድ እሄዳለሁ።