ጋሼ ኑሩ ቴፕ ሊገጥሙ የመጡ ቀን

ትናንት ሸዋሮቢት ውስጥ አንድ ኤሌክትሪሺያን መኪናዬ ላይ ጂፒኤስ ሲገጥምልኝ ሽቦ የሚበይድበት የካውያው ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

አባቴ ሽንኩርት በሚጭንባት ፒካፕ ላይ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ጋሼ ኑሩ ቴፕ ሊገጥሙ መጥተው ነበር። ወንበሩ በፀሐይ ይፋጃል፤ እኔ ግን ዘፈኑን ከሁሉም ቀድሜ ልስማ ብዬ ከአጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ ጉልበቴም ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የቴፕ ቀዳዳ ነክቷል። ጋሼ ኑሩ እጃቸውን በቀዳዳው እስከ ክርናቸው አስገብተው ሽቦ ሲፈልጉ ድንገት እጃቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ።

«አህመድ፣» አሉ አባቴን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷን ቀስ ብለህ አውርዳት። ይሄ የያዝኩት ሽቦ አይደለም።»

አባቴ ብብቴን ይዞ ሲያወርደኝ ተበሳጨሁ። ያኔ ጋሼ ኑሩ እጃቸውን መንጭቀው አወጡ። ጥቁር እባብ ተከትሎ ወጣና እኔ ከተነሣሁበት ወንበር ላይ ዘጭ አለ። አባቴ በዱላ ገደለው።

ደግነቱ ጋሼ ኑሩን አልነደፋቸውም። ውሃ ሲሰጣቸው ግን በመጠጣት ፈንታ እጃቸውን ታጠቡበት።

«ምነው ወዲያው እጅዎን ባወጡ?» አላቸው አባቴ።

«ጉልበቷ እዚያው ቀዳዳው አፍ ላይ ነበራ» አሉት።

ያኔ ስለ ጉልበቴ ለምን እንደሚያወሩ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ትናንት ነው፤ የኤሌክትሪሺያኑ እጅ በዳሽቦርዱ ቀዳዳ ሲገባ ሳይ። «ጨርሻለሁ እትዬ፣ ይግቡና ይሞክሩት» ሲለኝ የስልኬን መብራት አብርቼ መጀመሪያ ከዳሽቦርዱ ሥር አየሁ።