እሾሁ ወደ ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ጎረቤቴ፣ ልጅ እግር ነው፣ የጋራ ግንባችን ላይ እሾሃማ ሽቦ አስተክሎ ሲያበቃ ግማሹን ወጪ እንድችል ሊጠይቀኝ መጣ። ቀና ብዬ አየሁት። ሽቦውን የያዙት ብረቶች ሁሉ ወደ እኔ ግቢ አዘንብለዋል። ሳቄ መጣ፤ ጅጅጋ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ እዚያ አስተምር ነበር። ባሌ ወታደር ስለሆነ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ ባለችው በአይሻ ከተማ ከጦሩ ጋር ነበር። የሁለት ዓመት ልጄን ሳባን፣ እኔ ሥራ ስውል የሚይዙልኝ ጎረቤቴ ኤዶ ሀሊማ ነበሩ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እኔም ልጄም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ጠዋት ጠዋት ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ በሰሊጥ ዘይት ካላበሉኝ፣ ወተት የበዛበት ሻይ ካላጠጡኝ አይለቁኝም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእሳቸው ነው።

ክረምቱ ሲወጣ በመካከላችን የነበረው የእሾህ አጥር በስብሶ ወደቀ። ፍየሎቻቸው ጎመኔን ሙልጭ አድርገው በሉት። ወጪውን እኩል ልንችል ተስማማንና ሁለት ግመል ጭነት የግራር እሾህ አስመጣን። ቅዳሜ ኤዶ ገበያ ሲሄዱ፣ እኔ ጎበዟ፣ ሲመለሱ ላስደንቃቸው ብዬ በባላ እየገፋሁ ለብቻዬ አጠርኩት። ባደግሁበት አገር አጥር እንዲህ ነው፦ ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ። ስጨርስ ወገቤን ይዤ ቆሜ ሥራዬን አደነቅሁ።

ኤዶ ተመልሰው አዩትና በራቸውን ዘግተው ገቡ። እሁድ ሰላምታዬን በጭንቅላታቸው ብቻ መለሱ። ሰኞ ጠዋት ሳባን አዝዬ ብሄድ በሩ አልተከፈተም። የፈተና ሳምንት ነው፤ ልጄን የምጥልበት የለኝም። ይዣት ክፍል ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ ሁለተኛ ይዘሻት እንዳትመጪ አሉኝ። በግኜ ተመለስኩ። ምን በደልኩ? ድካሙ የኔ፣ ኩርፊያው የእሳቸው!

ከሰዓት ግን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሄድኩና ጥፋቴን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። እጄን ይዘው በእሳቸው በኩል ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

«እሾህ የሚዞረው ወደ ጅብ ነው» አሉ። «እኔ ጅብ ነኝ?»

እውነትም ያ ሁሉ እሾህ ያፈጠጠው እሳቸው በር ላይ ነበር። ከእኔ ግቢ የሚታየኝ ግንዱ ብቻ ስለሆነ ጭራሽ አላሰብኩትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የዚያኑ ዕለት አፍርሰን እንደገና አጠርነው፤ አንዱን ቅርንጫፍ ወደ እሳቸው፣ ቀጣዩን ወደ እኔ። ክንዴ ተቧጭሮ ሲደማ ኤዶ አይተው ሳቁብኝ።

«አሁን ገና ግማሹን ከፈልሽ» አሉኝ።

ማክሰኞ ሳባ እሳቸው ጋ ዋለች።

እናም ባለፈው ሳምንት ያንን ልጅ እግር ጎረቤቴን እጁን ይዤ ወደ ግቢዬ አስገባሁትና ቀና ብለህ እይ አልኩት። አየ፤ ፊቱ ቀላ። «በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም፣ እትዬ» አለኝ። አልደነቀኝም፤ ጎረቤት የሚቀያየመው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን እንዲህ ነው። ዛሬ ብረቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የማቃኛውንም ወጪ ግማሹን እኔ ቻልኩ።