ደረቷ ላይ መርፌ የሰካችው ሴት

ሴትዮዋ ከነርሷ ፊት ስትቀመጥ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም። በሹራቧ ደረት ላይ ነጭ ክር የገባበት መርፌ ሰክታለች፤ ልብስ ሰፊ ሳትሆን አትቀርም። ገና ምንም ሳትጠየቅ እጅጌዋን ሰብስባ የበለዘ ክንዷን አሳየች። ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ፣ ሁሉም "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን" ሲላት ለምዶባት ነው።

በዚህ የተጎጂ ሴቶች ማዕከል ግን ነርሷ፣ አንዲት ፖሊስና አንዲት ጠበቃ የሚሠሩት በአንድ ክፍል ነው። ባሏ ያደረሰባትን ስትናገር ሦስቱም አብረው ሰሟት። ጨርሳ ብድግ አለች።

"ቀጥሎ ደግሞ የት ልሂድ?"

"የትም አትሄጂም፣ እህቴ" አለቻት ነርሷ። "ማረፊያውንም እኛው እንፈልግልሻለን።"

"ደግሜ አልናገርም?"

"አትናገሪም።"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቦርሳዋን መሬት አኖረች፤ እጅጌዋንም መለሰች። የምታደርገው ጠፍቷት ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ፖሊሷ ላይ አረፈ።

"የሸሚዝሽ ቁልፍ ሊበጠስ ነው፣ የኔ እናት" አለች፣ መርፌውን ከደረቷ እየነቀለች። "እስቲ ጠጋ በይልኝ።"